ዲቪ የደረሰን ዓመት

አባቴ በሞተ ዓመት እንደበላሁት በልቼ አላውቅም። ይህን ስናገር የሚቆጣኝ ሰው አይጠፋም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከፋሲካ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ቤታችን ሥጋ ጠፍቶበት አያውቅም። በዓለ ኀምሳ ስለነበር ረቡዕና ዓርብ እንኳ አላረፍንም፤ ጉበት፣ ጨጓራ፣ መቅኒ ያለው አጥንት፣ አንዳንዴም ሙሉ ምላስ። የዚያን ጊዜ የተነሳሁት ፎቶግራፍ አለኝ። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉንጬ ተነፍቶ ዓይኔን ሊውጠው ደርሷል። የሙት ልጅ ሳይሆን የሥጋ ቤት ባለቤት ልጅ ነው የምመስለው።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፤ ከዑራኤል ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች መንገድ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ግቢ፣ ስድስቱም በአንድ ቧንቧ። አባቴ ቀለመወርቅ በደርግ ጊዜ የታንክ መካኒክ ነበር። ያ ሠራዊት ሲበተን እዚሁ አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ተቀጠረና ፊያት ሲፈታ ፊያት ሲገጥም ይውል ጀመር። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ድምፁ ለዘፈን ያልተፈጠረ፣ ዘፈን ግን የማይተው ሰው ነበር። ሩሲያ ሄዶ ስድስት ወር ተምሯል። ከዚያ ይዞ የመጣው ሙያውንና ሦስት የሩሲያ ቃል ነው፤ በአንደኛዋ ቃል እንግዳ ይቀበልባት ነበር። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ በሷ ተስተናግደዋል። «ምን ማለት ነው ልጄ?» ሲሉት «ቤት ለእንግዳ ነው አባቴ» ይላቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሩሲያ የተማረ መምህር አገኘሁና ቃሏን ጠየቅሁት። ዙሪያውን ቃኝቶ በሩን ዘጋና «ይህንን የት ሰማሽው?» አለኝ። ስድብ ነው፤ ያውም እናት የሚነካ።

በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ ከጋራዥ መጥቶ የእጁን ግራሶ እያጠበ «ጠርተውኛል» አላት እማዬን።

«ማነው የጠራህ?»

«መንግሥት ነዋ። የድሮ መካኒኮችን እየሰበሰቡ ነው። ታንኮቹ አልነሳ ብለዋቸው።»

እማዬ፣ ስሟ ለምለም ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መክተፏን አላቆመችም። «ካንተ ሌላ መካኒክ የለም በዚህ አገር?»

«አለ። ግን የዛሬ ልጆች ከላይ ከላይ ነው የሚነካኩት። ታንክ ከሥሩ ነው ለምለሜ።»

እኔ የኢትዮጵያ ታንኮች በሙሉ ተሰልፈው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው አባቴን ሲጠብቁ ታየኝ። ደስታውን አልቻልኩትም። «ትዋጋለህ አባዬ?» ብለው ሳቀ። «መካኒክ ምን ሊዋጋ! መካኒክ ታንክ ሥር ተኝቶ ነው የሚውለው። ከዚያ የተሻለ ምሽግ የለም» አለኝ። ስለዚህ ለሱ አንድም ቀን ሰግቼ አላውቅም። የሌሎች ልጆች አባቶች ሊሞቱ ይችላሉ፤ የኔ ግን ተኝቶ ነው ያለው።

ለገና ከግንባር ደብዳቤ ጻፈልን። ብርዱ አጥንት እንደሚሰብር፣ ታንኮቹም ልክ እንደ እናቴ መሆናቸውን፣ ሳያኮርፉ እንደማይነሱ ጻፈ። እማዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችውና «ባለጌ» ብላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። የመጣው ሥጋ ነው።

ሥጋውን የሚያመጡልን ጎረቤታችን ጋሽ መርጋ ናቸው፤ ቄራ በሥጋ ቆራጭነት ይሠራሉ። ከዚያ በፊት ለውሻቸው እንኳ አጥንት ሲጥሉ መጀመሪያ እሳቸው ግጠው የሚጨርሱ ሰው ነበሩ። ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት በጋዜጣ የተጠቀለለ ጉበት ይዘው በራችን ላይ ቆሙና «ተርፎ ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከደፉ ላይ አላነሱም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቄራ የሚታረደው ከብት ግማሹ የሚተርፍ ይመስል ነበር።

ሌላም ሌላም ሆነ። የሒሳብ አስተማሪዬ ጆሮዬን መቆንጠጥ ተወ። ሰባት ሲባዛ በስምንት አርባ አንድ ነው ብዬው ፀጉሬን ዳሰሰኝ። የባሰው ደግሞ እትዬ ወርቅዬ ናቸው። እትዬ ወርቅዬና እማዬ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ወርቅዬ በርከክ ብለው የኛን ልብስ ያጥባሉ፤ ያንኑ ገመድ ለብቻችን ለቀውልናል። ያኔ በእውነት ፈራሁ።

ጉዳዩን ለጓደኛዬ ለሰብሊ አዋየኋት። ሰብሊ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

«በቃ፣ ዲቪ ደርሷችኋል» አለች።

አምና ከግቢያችን ጀርባ ያሉ ሰዎች ዲቪ ደርሷቸው ነበር። ሰው ሁሉ በአንዴ ነው የወደዳቸው። እነሱ ደግሞ ምቀኛ እንዳይሰማ ብለው እስከ ኤርፖርት ድረስ ትንፍሽ አላሉም።

«እማዬ ግን ምንም አላለችኝም።»

«ለሷም አልተነገራትም ይሆናላ! አባትሽ ይሆናል የሞላው።»

የሰብሊን ግምት በሳምንቱ ያረጋገጥኩት በገዛ ጆሮዬ ነው። በግቢያችን በር ላይ ጋሽ ለታ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የእድራችንም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ለአሻንጉሊቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም ጠረጴዛቸው ሥር እንደገባሁ ጋሽ መርጋና እትዬ ወርቅዬ መጡ።

«እርግጥ ነው ግን? ወሬ እንዳይሆን» አሉ ጋሽ መርጋ።

«እርግጥ ነው። አብሮት የነበረው ልጅ ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ» አሉ ጋሽ ለታ። የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር።

«እሱስ ሄደ፤ አረፈ» አሉ እትዬ ወርቅዬ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ለሷ ነው እንጂ።»

«አሁን ከሰማች በሆዷ ያለው ሽል አይተርፍም» አሉ ጋሽ ለታ። «የፊተኛው በሰባት ወሩ ነው የወረደባት። እስክትገላገል፣ ክርስትናው እስኪነሳ አንድ ሰው እንዳይተነፍስ። እኔ እሸከመዋለሁ።»

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ሄዷል! አርፏል! ዲቪ የደረሳት አንዲት የኦሎምፒያ ሴትዮ በደስታ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች ሲባል ሰምቼ ነበር። ለእማዬ ያልነገሯት ለዚያ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ተሳስቼ አለመጠራጠሬ ነው። ከሰማሁት ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ከዲቪ ጋር አልተጣላችብኝም።

በማግስቱ ጋሽ ለታ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቄ ሄድኩ።

«ጋሽ ለታ፣ እኔ አውቄያለሁ።»

«ምኑን ልጄ?»

«አባዬ መሄዱን።»

ሜትራቸው ከአንገታቸው ወረደ። ተነስተው መጋረጃውን ጋረዱና ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሴ ነኝ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። እንዳትደነግጥ።»

«አንቺ የኔ ጀግና!» ብለው እጄን ያዙ። «ታለቅሻለሽ እንዴ ለብቻሽ?» አሉኝ።

«ለምን አለቅሳለሁ? አገሩ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ጥሩ ነው ይላሉ ልጄ። ከዚህ ሳይሻል አይቀርም።»

«ብርድ አለው?»

«ብርድም ረሃብም የለም ይባላል።»

«እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?»

ጋሽ ለታ ያን ጊዜ አቅፈው ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ፤ ሸሚዛቸው ላይ የሰኳት መርፌ ጉንጬን ወጋችኝ። «ሁላችንም ተራችን ሲደርስ እንሄዳለን። አንቺ ግን አትቸኩዪ። እሺ ሩቲ? ገና ብዙ ትማሪያለሽ።» ደስታ ከረሜላ ሰጡኝና ለማንም እንዳልናገር በዑራኤል አስማሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ባዩኝ ቁጥር ቆብ እያነሱ ሰላም ይሉኝ ጀመር፤ ለስምንት ዓመት ልጅ።

መሐላዬን የጠበቅሁት አሥራ አንድ ቀን ነው።

ግንቦት ልደታ የግቢው ሰው እንደ ልማዱ ከበሩ ውጪ ሣር ጎዝጉዞ ተቀመጠ። ንፍሮ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ጠላ አለ። እማዬ ሆዷ ገፍቶ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከታችኛው ግቢ የመጣች፣ ምንም የማታውቅ አንዲት ሴትዮ «ለምለም፣ ቀለመወርቅ ደህና ነው? ይጽፋል?» ብላ ጠየቀች።

የጋሽ መርጋ ዳቦ አፋቸው ውስጥ ቆመ።

«ከገና ወዲህ አልጻፈም» አለች እማዬ።

ያን ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ እንዲህ አንገቷን ደፍታ መቀመጧ ግፍ መሰለኝ። ብድግ ብዬ ቆምኩ።

«አይጽፍም! አባዬ ሄዷል! ሁሉም ያውቃሉ! ላንቺ ብቻ ነው ያልተነገረሽ!»

የጋሽ ለታ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። እትዬ ወርቅዬ «ኧረ ዑራኤል!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ንፍሮ የያዘው የእማዬ እጅ ከአፏና ከሰሀኑ መሀል ቀረ። ፊቷ ነጭ ሆነ፤ አመድ የነሰነሱበት ያህል።

«የት ነው የሄደው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አሜሪካ ነዋ! ዲቪ ደርሶናል!»

ዝንቦቹ ብቻ ጠላው ላይ ይዘፍናሉ። ጋሽ ለታ በሕይወታቸው «ሐሙስ ይደርስልሻል» ከሚለው በቀር ውሸት ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አዎ» አሉ። «ያው... ዲቪ ነው። ድንገተኛ ደስታ ለነፍሰ ጡር አይሆንም ብለን ነው።»

እማዬ በየተራ አየቻቸው፤ ጋሽ ለታን፣ ጋሽ መርጋን፣ እትዬ ወርቅዬን። ማንን ቀድማ እንደምታመሰግን የምትመርጥ መሰለኝ። ከዚያ ከበርጩማዋ ተነሳች፣ መዳፏን አፏ ላይ አደረገችና እልል አለች። ሦስት ጊዜ። እንደሷ ዓይነት እልልታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማዩን የሚሰነጥቅ። ምንም የማያውቁት ተቀበሏት። የሚያውቁትም ምን ያድርጉ፣ ተቀበሏት። ጋሽ መርጋ ወደ ግንቡ ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አይ ደስታ!» አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ተኩል የሰፈራችን ትልቁ ቲያትር ነው። የታችኛው ግቢ ሴትዮ የልጇን እግር በክር ለክታ «ስትደርሺ ጫማ ላኪልኝ» ብላ መጣች። አንዱ ቤታችንን ሊረከብ ጣራውን እያየ ዞረ። እትዬ ወርቅዬ በድንጋጤ ጥርሳቸውን አመማቸው። እማዬ የአባዬን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፤ ይህንን ያዩ የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። እኔ የእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት ቀን ጨረስኩ።

«አባዬ ለምን ቀድሞን ሄደ ግን?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት። ከቢሮ ተመልሳ እግሯን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ነበር። ታይፒስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል እግሯ ያብጣል።

«እሱ መቼ ጠብቆኝ ያውቃል?» አለች። በጣም የተቆጣች ትመስል ነበር።

ሰኔ ሃያ ወንድሜ ፍሬአብ ተወለደ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክርስትና ተነሳ፤ ጋሽ ለታ ራሳቸው የሰፉለትን ነጭ ልብስ ለብሶ የቄሱን እጅ አበሰበሰው። በሳምንቱ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በዝናብ ውስጥ የብረት ምሰሶ ሲጋጭ ሰምቼ ነቃሁ። በመስኮት ሳይ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ይተከላል።

ሽኝት! በመጨረሻ! ማንም ሳያየኝ ጓዳ ገብቼ የፋሲካ ቀሚሴን፣ ነጭ ካልሲዬን፣ ጥቁር ጫማዬን አደረግሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አራግፌ አሻንጉሊቴንና የእንግሊዝኛ ደብተሬን ከተትኩ። ሳሎን ስወጣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ዝናብ ነዋ፣ ጥሩ ልብሳቸውን አላወጡም ብዬ ታዘብኳቸው።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ፍሬአብን ይዛ ተቀምጣለች። ጋሽ ለታ ከፊቷ ቆመው ቆባቸውን ያሻሉ። አራት ወር የተሸከሙት ነገር አልወጣ አላቸው። እማዬ፣ ገና ማንም ምንም ሳይላት፣ ልጁን ለእትዬ ወርቅዬ አቀበለችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ይናገሩ ጋሽ ለታ» አለች።

«ለምለም ልጄ... ያው... ቀለመወርቅ... የካቲት ላይ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሴቶቹ ጮኹ። ጋሽ መርጋ ጮኹ። እማዬ ግን አልጮኸችም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትመለከታቸዋለች። «ደነዘዘች! ውኃ! ውኃ አምጡ!» ይላል ሰው። አንዷ ደግሞ «ታልቅስ እንጂ፣ ይገድላታል!» ትላለች። ውኃ ሊያመጡ ገለል ሲሉ በመሀል ገብቼ ከፊቷ ቆምኩ። ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አየችኝ።

«ሩቲ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«አባዬ ጋ።»

ያን ጊዜ የወጣው ድምፅ ከእናቴ መውጣቱን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ከአልጋው ወደ መሬት ወረደች፤ ሦስት ሴቶች ይዘዋት አልበቁም። እኔ ግድግዳው ሥር ቦርሳዬን አቅፌ አውሮፕላኑ መቅረቱን ተረዳሁ። የቀረውን የነገረችኝ ሰብሊ ናት፣ ድንኳኑ ውስጥ። «አባትሽ ሞቷል እኮ፤ ለቅሶ ነው» ስትለኝ በቦርሳዬ ፊቷን መታኋት። ሦስት ቀን ጫማዬን አላወልቅም ብዬ ከነጫማዬ ተኛሁ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ያ ነው በመጨረሻ ያሳመነኝ።

ይህን ታሪክ ለሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ነበር የማውቀው። እናቴ ምንም ሳታውቅ፣ እኔ ጅሏ በአሜሪካ አታልዬ እልል አስባልኳት ብሎ የሚያስበው ልጅነቴ እያፈረ ነው ያደገው። ካዛንቺስ ፈርሷል፤ እኛም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ባለፈው ጥቅምት ጋሽ ለታ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉና እማዬን ይዤ ቄራ ልጃቸው ቤት ለቅሶ ሄድን።

ልጃቸው ቢሊሴ እማዬን አቅፋ አለቀሰች። «አባዬ ሁሌ የሚያወራው ያንቺን ነገር ነበር እትዬ ለምለም። ‹አራት ወር በሆዴ ይዤ አንዲት ነገር ሳትጠረጥር በሰላም አገላገልኳት። ከስፌት ሌላ በሕይወቴ የሠራሁት ቁም ነገር ይሄ ነው› ይል ነበር።»

«እውነታቸውን ነው» አለች እማዬ። «አንዲት ነገር አልጠረጠርኩም። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።»

ስንመለስ ራይድ ያዝን። ኦሎምፒያ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ እንደቆምን እማዬ ወደ መስኮቱ ዞራ «እንግዲህ እሳቸውም ካለፉ...» አለች፤ አቋረጠች፤ ቀጠለች። «ያ አባዲ የሚባለው ልጅ፣ አብሮት የነበረው፣ ክራንች ይዞ የመጣው፣ መጀመሪያ የመጣው እኔ ቢሮ ነው።»

«የቱ ቢሮ?»

«የኔ ቢሮ! ቀለመወርቅ የሰጠው አድራሻ የቢሮዬን ነበራ። ቆሜ ሰማሁት። አለቃዬ ደብዳቤ እየጠበቀኝ ነበር፤ ገብቼ ጨረስኩለት። ከዚያ አባዲን ‹ካዛንቺስ ግቢያችን ሂድ፣ በሩ ላይ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አለ፣ ለሱ ንገረው፤ እኔን እንዳገኘኸኝ እንዳትናገር› አልኩት።»

ሹፌሩ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው የሚመስል ልጅ፣ ሙዚቃውን ዘጋ።

«ለምን?» አልኩ።

«መርዶ ሲነገርሽ መርዶ ነው። ድንኳን አለ፣ ደረት መምታት አለ፣ መሬት መተኛት አለ። ካልተነገረኝ ግን አላለቅስም። የሰባት ወሩን ልጅ አንዴ ቀብሬያለሁ ሩቲ። ዳግመኛ አልቀብርም አልኩ።»

«ታዲያ ለብቻሽ ዝም አትዪም ነበር? ጋሽ ለታን ለምን አስቸገርሻቸው?»

«ብቻዬን ልሸከመው? አንድ ሰውማ ማወቅ አለበት። ደግሞ ሥጋውን ማን ያመጣልን ነበር?»

ሹፌሩ ሳይፈልግ ሳቀ፤ «ይቅርታ እማዬ» አለ። «ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ» አለችው።

«ልደታ ዕለትስ? እኔ ስለፈልፍ?»

«‹ሞቷል› ልትዪ ነው ብዬ ነበር የምጠብቅሽ። አሜሪካ ስትዪ...» እጇን አወናጨፈች። «ምን ላድርግ ታዲያ? እልል አልኩ። ጮኼ የማላውቀውን ያህል መጮህ አምሮኝ ነበር፤ በሱ አሳበብኩ።»

መኪናው ትንሽ ተነቃነቀ፣ ቆመ። ድሮ ግቢያችን በነበረበት በኩል አሁን ሰፊ መንገድ፣ የተደረደረ መብራትና ሣር ነው ያለው፤ እማዬ ግን ወደዚያ አልተመለከተችም። አባዲ ስለ አሟሟቱ የነገራትን ነገረችኝ። አባቴ ከአንድ የቆመ ታንክ ሥር ተኝቶ፣ እግሩ ብቻ ወጥቶ፣ እየዘፈነ ብሎን ሲፈታ ነው የከባድ መሣሪያ ጥይት የመታው። ለሰፈሩ ግን አባዲ ‹ባንዲራ ይዞ ሲሮጥ ነው የሞተው› ብሏቸዋል፤ ይህንን የጨመረው ከራሱ ነው።

«ሌላም ነገር ነገረኝ» አለች። «አባትሽን ማንም አልጠራውም። ራሱ ነው ሄዶ የተመዘገበው። ‹ፊያት ሰለቸኝ፣ ታንክ ናፈቀኝ› ብሎት ነበር። ሰማሽ? ታንክ ናፍቆት! ሚስቱን አስረግዞ፣ ልጁን ጥሎ፣ ታንክ ናፍቆት!» የሰባ ዓመት ሴት ናት፤ ጉንጮቿ በንዴት ተንቀጠቀጡ። «ያን አራት ወር ሁሉም ያዝንልኛል። እኔ እያዘንኩ አልነበረም፤ እየተጣላሁት ነበር። ታይፕ ስመታ እጣላዋለሁ፣ ምሳ ስበላ እጣላዋለሁ። ሻንጣውን እየወለወልኩ እጣላዋለሁ። መልስ የለ፣ ምን የለ። እንዲያ ዓይነት ጸብ አይግጠምሽ።»

«ታዲያ መቼ ታረቃችሁ?»

ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ተንቀሳቀሰ፤ ሹፌራችን ግን መሄዱን ረስቶ በመስታወት ያያታል። ከኋላ ክላክስ ሲያስጮሁበት ነው የነቃው።

«ፍሬአብ ተወለደ» አለች። «አዋላጇ ጠቅልላ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገለጥ አድርጌ ሳየው ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ያ ሾጣጣ ጆሮው፣ እሱ ራሱ ነው። አንድም ከኔ የወሰደው ነገር የለም። በጣም ተናደድኩ። አለቀሰ፤ ዝም ብዬ አየሁት። እንደገና አለቀሰ። ከዚያ ጡት ሰጠሁት።»